ሁለተኛው ምት

«ሰውየው ወድቋል እኮ! ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሟች መሬት ላይ ነው ያለው! በወደቀ ሰው ላይ ዱላ ማንሳት መከላከል ከተባለ፣ ሬሳ መደብደብም መከላከል ነው ማለት ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የሚከራከረው የዶርም ጓደኛዬ ነበር፤ የቁይ ከተማ ልጅ፣ ረጅም፣ አንገተ ወፍራም፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚደበድብ። እኔ የተከሳሽ ጠበቃ ነበርኩ። የወንጀል ሕግ መምህራችን ዳኛ ሆኗል፤ ካባ ስላልነበረን ጥቁር ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ሳቁ ይብቃ» አለ መምህራችን። «ተከላካይ፣ መልስ አለህ?»

«አለኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የመጀመሪያው ምት ሲሰነዘር…»

«ስለ መጀመሪያው ማን ጠየቀህ?» አለና ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። «የመጀመሪያውን ሰጥቼሃለሁ፤ እንካ፣ ውሰደው። ሟች መጥረቢያ ይዞ መጣበት፣ ክንዱን ሰነጠቀው፣ እሱም በሽመል ግንባሩን አለው። ደግ አደረገ! እኔም ብሆን አልምረውም። ሁለተኛውን ንገረኝ። የሐኪሙ ማስረጃ ምን ይላል? አንዱ ቁስል ግንባሩ ላይ፣ ሌላው ማጅራቱ ላይ። የገደለው የማጅራቱ ነው። ሰው በማጅራቱ ያጠቃል እንዴ?»

ከኋላ ወንበር አንዱ በጠረጴዛው ላይ ከበሮ መታለት።  የጻፍኩትን ሁሉ አገላበጥኩ፤ ስለ ማጅራት የሚል አንድ መስመር አልነበረኝም።

«ዝም አለ!» አለ ጓደኛዬ። «እሺ፣ ይሄን ተወውና ሌላ ልጠይቅህ። ሰውየው ገድሎ ምን አደረገ? ደነገጠ? ሰው ጠራ? ውሃ አፈሰሰበት? የለም። ወሰኑ ላይ ቆሞ ፎከረ። ምስክሮቹ ሁሉ ሰምተውታል።» ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ እስክሪብቶውን እንደ ጦር ከፍ አድርጎ፣ በገበሬ ድምፅ ለቀቀው፦

ዘራፍ ሌት ጠባቂው፣ አድብቶ የሚያድር፣
ወሰኑን ለነካ የሚያለብስ አፈር!

«አድብቶ! ራሱ ነግሮናል። ከዚህ የበለጠ የእምነት ቃል ምን አለ?»

ይሄኛውን ግን እችለው ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ገብቼ አንድ ክረምት እንኳ ሳልጨርስ ኮብልያለሁ፤ ቁጭ ብሎ ቅኔ መቁጠር አልሆነልኝም። ግጥም የለቀምኩት ከሠርግ፣ ከለቅሶና ከጠላ ቤት ነው፤ ፉከራ ደግሞ እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ፣ «ግጥሙ ሌሊት አድብቻለሁ ይላል። ግድያው የተፈጸመው በጠራራ ፀሐይ፣ በሬ ተጠምዶ ነው። ታዲያ የቱን እንመን? ተከሳሹ ይህችን ግጥም የዚያን ዕለት አልፈጠራትም። ሠርግ በሄደ ቁጥር የሚላት ናት፤ የሰሙ ምስክሮች አቀርባለሁ። ፉከራ የእምነት ቃል ከሆነማ፣ በጎጃም ያለ ሚዜ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው።»

ሳቁ አሁን ወደ እኔ ዞረ። ጓደኛዬ አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና፣ ጠረጴዛውን ሳይመታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ሠርግ ላይ ሬሳ የለም» አለ።

መምህራችን ካፖርቱን ከትከሻው አወረደ። ችሎቱ ተነሣ ማለት ነው።

ጉዳዩ ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። ተከሳሹ የእናቴ ወንድም ነው። መምህራችን አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነፃ ጥብቅና ይቆም ስለነበር ለምኜ ጉዳዩን አስይዤዋለሁ። እሱም «እውነተኛው ዐቃቤ ሕግ ቀዳዳውን ከማግኘቱ በፊት እኛ እናግኘው፤ ያ ጓደኛህ ጥሩ ምላስ አለው፣ እሱ ይቅደደው» ብሎ የሰዎቹን ስም ሰርዞ ለክፍሉ አቀረበው። ተከሳሹ አጎቴ መሆኑን የሚያውቁት መምህሩና ይሄ የዶርም ጓደኛዬ ብቻ ነበሩ። ክሱ ከባድ የግፍ አገዳደል ነው፤ አስቦ፣ አድብቶ፣ ጨክኖ ገደለ የሚል። ከተረጋገጠ ዕድሜ ልክ፣ አለዚያም ሞት። ነፍሱን ለማዳን ነው የመታው ከተባለ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት የማጅራት ቁስል ናት።

ከሉማሜ በታች ባለው አገራችን፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ሰው ሁሉ ይቆጣል። ሰላምታው ያጥራል፤ ሰው ወደ እርሻ ሲሄድ ዓይኑ ከእግሩ ቀድሞ ወሰኑን ያያል። የአጎቴና የጎረቤቱ ወሰን አንድ የተተከለ ድንጋይና የእሬት ረድፍ ነበር። ጎረቤቱ ባዕድ አልነበረም፤ በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። የዚያን ዕለት እሬቱ ተነቅሎ ተገኘ፤ የጎረቤቱ ትልምም የአጎቴን መሬት ሰብሮ ገብቷል። አጎቴ ሽመሉን ይዞ ሄደ። ሰውየው በሬዎቹን አቆመና ሞፈር የሚያስተካክልበትን መጥረቢያ አነሣ። ምን እንደተባባሉ የሰማ፣ ምቱንም ያየ የለም፤ የቀረውን የተረዳነው ከቁስሎቹ ነው። መጥረቢያው የአጎቴን ግራ ክንድ ከክርኑ በላይ እስከ አጥንቱ ከፈተው። ሽመሉ የሰውየውን ግንባር አገኘው። ሰውየው በጉልበቱ ወረደ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ።

ሰው የተሰበሰበው ፉከራውን ሰምቶ ነው። ሲደርሱ ሬሳው ትልሙ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል፤ መጥረቢያው ከእጁ ትንሽ አለፍ ብሎ ወድቋል። አጎቴ ደሙ በጣቶቹ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ በወሰኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይፎክራል። ማንም አልደፈረውም። ሲበቃው ክንዱን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሽመሉን እንደያዘ፣ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። የሰጠው ቃል ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ «መታሁት፤ ሞተ።»

እኔ በማግስቱ ከማርቆስ በአውቶቡስ ደረስኩ። ዝናብ ሳይጥል ስላደረ ደሙ በትልሙ ውስጥ ረግቶ ጠቁሯል፤ ዝንብ ወሮታል። አንድ ጓል አገላበጥኩ። ፀጉር ተጣብቆበት ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና እጄን በሣር ጠረግሁ፤ እንደገና ጠረግሁ።

ከቀብሩ በኋላ የሟች ወንድሞች በአጎቴ ቤት ጣሪያ ላይ ጥይት አጮሁ። እርቅ ሊለምኑ የሄዱት ሽማግሌዎች «ደሙ ገና ትኩስ ነው» ተብለው ከደጅ ተመለሱ። አንድ ጧት የአጎቴ ቀይ በሬ ቋንጃው ተቆርጦ፣ የኋላ እግሮቹን በጭቃ ላይ እየጎተተ፣ እንደ ሰው እየጮኸ ተገኘ። የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን ጣለችና እሪ አለች። ትልቁ ልጇ ቢላዋ አምጥቶ በሬውን በገዛ እጁ አረደው። ቀንዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ደሙ ደረቴ ድረስ ረጨኝ። ልጁ አላለቀሰም፤ ቢላዋውን በበሬው ቆዳ ጠረገና ወደ ሟች ቤት ጭስ እያየ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ነገር አልመጣም። ጥይትም፣ ቢላዋም ቆመ። ለምን እንደቆመ ያኔ አልገባኝም፤ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ወደ ክፍላችን ችሎት ልመለስ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዶርሙ ጀርባ፣ ልብስ የምናጥብበት ቧንቧ ጋ ስሄድ፣ ጓደኛዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ካልሲውን ድንጋይ ላይ እያሸ አገኘሁት። ሌሎች ልጆችም ነበሩ። እያሸ ያንጎራጉራል፦ «ዘራፍ ሌት ጠባቂው…» ልጆቹ ይስቃሉ። አንዱ ካልሲ ከፍ አድርጎ «አድብቶ የሚያድር!» ብሎ ጨረሰለት።

«ዝም በል» አልኩት።

«ገጣሚው መጣ! ምነው፣ ግጥሙ ቤት አልመታም?»

«ዝም በል ነው የምልህ።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከላካይ ጠበቃ ተቆጥተዋል!» አለ ለልጆቹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ፊቱ ትንሽ ከረር ብሎ፦ «እኔ ምን አደረግሁህ? ሥራ ተሰጠኝ፣ ሠራሁ። ያንተ ዘመድ ገዳይ መሆኑ የኔ ጥፋት ነው?»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያች ደቂቃ አያውቁም ነበር።

አጠገቤ ውሃ የሞላ ባልዲ ነበር። አንስቼ ወረወርኩበት። ባልዲው ትከሻውን መታውና ተንከባለለ፤ እኔ ባልዲውን ተከትዬ ሄድኩበት። ቡጢው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ዓይኔ ውስጥ ነጭ ነገር ፈነዳ፤ ከዚያ ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ነበር። የአፌ ደም የብረት ጣዕም አለው። ጆሮዬ ይጮኻል። የሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ቧንቧው ግን አጠገቤ ሲንጠባጠብ እሰማዋለሁ። ምንም አላሰብኩም። እጄ ግን በራሱ ጊዜ ጭቃውን እየዳሰሰ ሄዶ አንድ ድንጋይ አገኘ። ጎንበስ ብዬ ላነሣው ስል ማጅራቴ ላይ ሌላ ምት አረፈ። በፊቴ ተደፋሁ።

«ተነስ!» ይላል ከላዬ። «ወንድ ከሆንክ ተነስ! ተነስ እንጂ! ተነስ!» ይጮኻል፣ እየተመላለሰ፣ ደረቱን እየመታ። አንገቴን ቀና አድርጌ ያየሁት ግን እግሩን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተሰብስቧልና ጉልበቱ ይታየኛል። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ሁሉ ሲጮኽ ጉልበቱ እንደ ጥጃ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጆቹ ያዙት። እኔን አንዱ በብብቴ ደግፎ አነሣኝ። ቧንቧው ሥር ራሴን አስገባሁና ቀዝቃዛው ውሃ ደሙን ሲወስደው ቆየሁ። ከቧንቧው ስወጣ ጓደኛዬ ግንቡ ላይ ተቀምጧል፤ እጁን በጭኖቹ መካከል ቀብሮታል።

«ዓይንህን በበረዶ ብትይዘው…» አለ።

«በረዶ ከየት አባቴ ይመጣል?»

«እኔ እንጃ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማጅራቴ በራሱ ልብ ይመታ ጀመር።

«ሁለተኛውን ለምን መታኸኝ?» አልኩት።

«ምን?»

«የመጀመሪያው ይገባኛል። ባልዲ ወርውሬብሃለሁ። ሁለተኛውን ለምን? ወድቄ ነበር እኮ።»

«ወድቀህ?» አለና ፊቱን አዞረ። «እጅህ ድንጋይ ላይ ነበር! አይቼዋለሁ! ይሄን የሚያህል ድንጋይ! ብትነሣ ጭንቅላቴን ልትፈረክሰው አልነበር?»

«ማጅራቴን መታኸኝ።»

«ጎንበስ ብለሃላ! ምንህን ልምታ? ያለህ ማጅራት ነው!»

  የተናገረው ነገር በሁለታችን መካከል ቁጭ ብሎ ያየን ነበር። ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው፤ አፉን በእጁ ያዘ።

«መጥረቢያው ከሬሳው እጅ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የተገኘው» አለ ቀስ ብሎ። «ጎንበስ ብሎ ነበር። ሊያነሣው ነበር።»

«ፈርተህ ነበር?»

«እንዴት አልፈራም? እብድ መስለህ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው? ‹ተነስ፣ ወንድ ከሆንክ ተነስ› የምትለኝ?»

«እንዳትነሣ ነዋ!»

ሳቅ አፈነን። ስስቅ ከንፈሬ እንደገና ተሰነጠቀ፤ ደሙን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም በእርጥብ ልብሳችን እየሮጥን መምህራችን ቢሮ ሄድን። እሱ ፊቴን አየ፤ የጓደኛዬን ጣቶች አየ፤ ምንም አልጠየቀም። ነገሩን ስንነግረው ግን ከወንበሩ ተነስቶ በመስኮቱና በጠረጴዛው መካከል ይመላለስ ጀመር።

«ይሄ ነው!» አለ። «የማጅራቱም ቁስል ተፈታ፣ ፉከራውም ተፈታ። ግን ምት ያየ ምስክር የለንም። ይሄን ሊናገር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተከሳሹ። ነገ ቃሉን ይሰጣል። ሁለት ነገር ብቻ ይበልልኝ፦ እጁ ወደ መጥረቢያው ሄደ፤ ይገድለኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለቱ ከአፉ ከወጡ፣ የቀረው የኔ ሥራ ነው። አንተ ሂድና ንገረው። ከኔ ይልቅ ካንተ ቢሰማው ይሻላል።»

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ፖሊሱ የያዝኩትን ምግብ አስከፈተኝና «ቅመስ» አለኝ። ያበጠ ከንፈሬ ሽሮውን አልወደደውም። ከጠበቃ ጋር መነጋገሪያ የምትባል ጠባብ ክፍል አስገቡኝ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚያስወጣ የብረት በር። አጎቴ በዚያ በር ገባ። ጠባቂው ከበሩ ውጭ ቀረ። አጎቴ ከስቷል። ግራ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ በጎኑ ተንጠልጥሏል።

«ፊትህን ምን ሆነህ ነው?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ተጣልቼ ነው፣ አያ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

የሚያስቀኝን ነገርኩት። ባልዲውን፣ ጭቃውን፣ እጄ ድንጋዩን እንዴት እንዳገኘው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«የዚያን ቀን፣ እጁ ወደ መጥረቢያው ሄዶ ነበር፣ አያ?»

ጠረጴዛውን አየ። በቀኝ አውራ ጣቱ ከእንጨቱ ላይ የሌለ ነገር ይፍቃል።

«ሄዶ ነበር» አለ። «ደሙ ዓይኑን ሸፍኖት ስለነበር አያይም። በዳበሳ ነው የሚፈልገው። ጣቱ እጀታውን ሲነካው አየሁ።»

ተነስቼ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

«ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ገደልክ ወይ አሉኝ፤ ገደልኩ አልኩ።»

«በቃ፣ ተፈትተዋል! ነገ ይሄንኑ ይበሉ። እጁ ወደ መጥረቢያው ሄደ። ተነስቶ ይገድለኛል ብዬ ፈራሁ። መታሁት። አለቀ።»

«ምን ብዬ?»

«እጁ ወደ መጥረቢያው…»

«እሱን ሰምቻለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ያልከውን።»

«ፈራሁ።»

ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ሽመል ይዞ እንኳ አይቼበት አላውቅም። ወደ ብረቱ በር ዘወር ብሎ ጠባቂው አለመስማቱን አረጋገጠ።

«መጥረቢያውን እላለሁ» አለ። «ሌላውን አልልም።»

«አያ፣ ያለ ሌላው አይቆምም እኮ። ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቅዎታል። ‹ፈርተህ ነበር ወይ?› ይልዎታል። አልፈራሁም ካሉት ‹ታዲያ ለምን መታኸው? ከአንድ ምት በኋላ የተንበረከከን ሰው ንቀህ፣ ጨክነህ ነው የገደልከው› ይላል። ዕድሜ ልክ ነው፣ አያ። ምናልባትም…»

«አውቃለሁ ምናልባትም ምን እንደሆነ።»

«አንዲት ቃል ናት!»

«አንተ የእህቴ ልጅ፣ እስቲ ልጠይቅህ» አለ። «ነገ ችሎቱ ላይ እነማን ይቀመጣሉ?»

«ማንም ሰው መግባት ይችላል።»

«ማንም አይደለም። ወንድሞቹ ናቸው። ቀጠሮ አምልጧቸው አያውቅም፤ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡ፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። በሬዬን ቋንጃውን የቆረጡ ሌሊት ልጄ በረቱ አፍ ላይ ነበር የተኛው። በሬውን ሲቆርጡ በልጄ ላይ ተራምደው ነው የገቡት። ቢላዋው በእጃቸው ነበር። ልጄን ለምን ተዉት?»

ራሱ መለሰው።

«ልጄን ቢነኩት እኔ እንደምመጣ ስለሚያውቁ ነው። ይሄ ሰው አይፈራም፣ ወሰኑን ስለነካበት ወንድማችንን አፈር አለበሰ፣ ልጁንማ ብንነካ አንድ ቀን ሰብሮም ቢሆን ይወጣል፣ ይላሉ። ያ ፉከራ ነው ቤቴን የሚጠብቀው፤ እኔ እዚህ ሆኜ ሌላ ጠባቂ የለኝም። ነገ እዚያ ቆሜ ‹እየተንቀጠቀጥኩ ነው የገደልኩት› ልበላቸው? ዳኛው ፍርዱን ጽፎ ሳይጨርስ እነሱ አውቶቡስ ተሳፍረዋል።»

«ከተፈቱ እኮ እርስዎ ራስዎ ከልጅዎ አጠገብ ይሆናሉ!»

«በየትኛው እጄ?»

ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከክርኑ በላይ ጠባሳው እንደ ተሰፋ ስልቻ ተጨማዷል። ጣቶቹን ሊጨብጥ ሞከረ። ትንሿ ጣቱ ብቻ ተነቃነቀች።

«በዚህ ሽመል አይያዝም» አለ። «እርፍም አይጨበጥም። ችሎት ስቆም በጋቢ ሥር ስለምደብቀው አላዩትም። ወጥቼ ካዩኝ ያልቅልኛል። እዚህ ስሆን ሁለት እጅ አለኝ።»

ሕጉን በሙሉ አውቀው ነበር። ስለ መከላከል የተጻፈውን አንቀጽ ዓይኔን ጨፍኜ እደግመዋለሁ። ለዚህ የሚሆን ፈልጌ አጣሁ። መጨረሻ የወጣኝ ለቅሶ የቀላቀለው ቁጣ ነው፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

«ይሙቱ ታዲያ! ለፉከራ ብለው ይሙቱ!»

ጠባቂው አንገቱን አስገብቶ አየን። አጎቴ በቀኝ እጁ ምንም አይደለም ብሎ መለሰው። ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋ፤ በጣም ተጠጋ፣ ጢሙ ጆሮዬን እስኪነካኝ።

«ፈርቼ ነበር» አለኝ። «እጁ እጀታውን ሲነካ ሽንቴ አምልጦኛል። ከገደልኩት በኋላ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፤ አላቆም አለኝ። ሰው ሲመጣ ሰማሁ። ጥርሴን እንዳይሰሙት ነው የፎከርኩት። ሌላ ግጥም አልመጣልኝም፤ የመጣችልኝ ያቺ የሠርጓ ናት።»

ራሱን መለስ አደረገ።

«አሁን አወቅህ። ለመምህርህም አትንገር። እኔ ከሞትኩ፣ ልጄም አገሩን ከለቀቀ ወዲያ፣ እንደፈለግህ ግጠምበት።»

«ነገ ምን ይላሉ?»

«ይጠይቀኛል አላልከኝም? ይጠይቀኝ። ‹መታሁት፤ አልፈራሁም› እለዋለሁ።»

«አያ…»

«ለእናትህ ግን፣ ደህና ነው፣ ወፍሯል በላት።»

ጠባቂው «ሰዓት!» አለ። አጎቴ ተነሣ። የምግቡን ዕቃ በቀኝ እጁ ያዘ፤ ግራ እጁን በትከሻው ነቅነቅ አድርጎ ወደ ጋቢው ውስጥ አስገባው፣ ብዙ ጊዜ እንዳደረገው ያስታውቃል። ጠባቂው የብረቱን በር ከፈተለት። በበሩ በኩል ፀሐይ የሚሞቁ እስረኞች ታዩኝ፤ አንዳንዶቹ ቀና ብለው ወደ እሱ አዩ። እኔ ጋ የነበረው ጎባጣ ሰው እዚያች ደፍ ላይ ሲደርስ ጀርባውን አቀና፣ ደረቱን ነፋ፣ ሰፋ ያለ እርምጃ ተራመደ። ዞሮ አላየኝም።

በሩ ተዘጋ።